ማይኳ ዝም ያለች ጊዜ

እትዬን መጀመሪያ ያወቅኳቸው በድምፃቸው ነው። በትምህርት ቤቱ የጽዳት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ቧንቧው ጋ ባልዲ ስሞላ «ቁጭ በል!» የሚል ድምፅ ከላይ ወረደብኝ። እኔም ቁጭ አልኩ። ለካ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዱን ተማሪ ነው የሚቆጡት። ዘበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ።

«አይዞሽ፣ እኔም የመጀመሪያ ቀን የቤት ሥራ ላሳያቸው ደርሼ ነበር» አለኝ።

ልጆቹ «ማይኳ» ይሏቸዋል። ሰልፍ ላይ ማይክራፎን ሳይዙ እስከ አጥሩ ማዶ ስለሚሰሙ ነው። እሳቸውም ያውቁታል። ኮሪደር ላይ «ማይኳ መጣች!» ሲባል ከሰሙ «መጣች፣ ባትሪዋም ሙሉ ነው» ብለው ይገባሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩት ሦስተኛ ክፍልን ብቻ ነው። አላገቡም፣ አልወለዱም። ለምን ብሎ የሚጠይቃቸው ደፋር ከተገኘ «ስልሳ አራት ልጅ ያንሰኛል?» ይሉታል።

እኔን ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ሁለት ጠርሙስ አቀያይሬ ሰሌዳውን በወለል ሰም ወለወልኩት። ጠመኔ አልይዝ አለ። እትዬ ሦስት ጊዜ ሞክረው ወደ እኔ ዞሩ። አሁን ሕንፃው ይናጋል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማንበብ አትችዪም አይደል?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ሲወጡ፣ ጉልበቴ የማይገባበት የልጅ ወንበር ላይ እያስቀመጡ አስተማሩኝ። በፊደል ገበታ አልጀመሩልኝም፤ በጠርሙሶቼ ነው የጀመሩልኝ። ሳሙና። ሰም። በረኪና። አንድም ሳልሳሳት እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የበረኪናው ጠርሙስ ላይ ያለው ነው። «ውሃ ቀላቅለው፣ መስኮት ከፍተው ይጠቀሙ» ይላል። እትዬ አጨበጨቡልኝ።

ይህን የማስቀድመው ያደረጉልኝን የረሳሁ እንዳይመስል ነው።

ዓመቱ መግቢያ ላይ ለመምህራን የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። ልጆቹ በየቀኑ ከእረፍት በፊት አምስት ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸውን እንዲያዳምጡ ነው። ጽሞና ተባለ። ልጅ ልቡ ሲረጋ ትምህርቱ ይገባዋል፣ ጠቡም ይቀንሳል ነው ነገሩ። እትዬ ከሥልጠናው ሲመለሱ የጽዳት ዕቃ ክፍሌ መጥተው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ።

«ሃምሳ ስድስት ዓመት ያለ ፈቃድ ስተነፍስ ኖሬያለሁ» አሉኝ። «አሁን ሰርተፍኬት ሰጥተውኛል። ከዛሬ ጀምሮ የምተነፍሰው በሕግ ነው።»

ተሳሳቅን።

የተጀመረ ዕለት ኮሪደሩን እየወለወልኩ ነበር። ከእትዬ ክፍል ምንም ድምፅ ሲጠፋ ልጆቹ ሜዳ ወጥተዋል ብዬ በበሩ መስታወት አየሁ። ስልሳ አራቱም አሉ። ጭጭ። እትዬም ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ትንሿን ደወል ሲያንቃጭሉ ልጆቹ እንደነቃ ሰው ተያዩ። ከትምህርት በኋላ ልማር ስገባ እትዬ ደብተሬን ከፍተው እንኳ አላዩትም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ጮኬ ያላገኘሁትን ዛሬ ዝም ብዬ አገኘሁት» አሉኝ። «ሲተነፍሱ ሰማኋቸው። ሁሉንም።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ እርሳሴን ቀረጽኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ልጅ ልጅ ነው። ይስላል፣ ይስቃል፣ እርሳስ ይጥላል። ዳይሬክተሩም ቅጽ አዘጋጁ። ስንት ልጅ ዓይኑን ጨፈነ፣ ስንቱ ረበሸ ተብሎ በየቀኑ ይሞላል። የሳምንቱ ምርጥ ክፍል ፎቶ መግቢያው ላይ ይለጠፋል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የብየዳ ቤት አለ፤ ብረት ሲቆረጥ ጥርስ ያፋጫል። ስለዚህ የጽሞና ሰዓት ሲደርስ የየክፍሉን መስኮት እንድዘጋ፣ ኮሪደር ላይም ባልዲ እንዳላንኳኳ ዳይሬክተሩ አዘዙኝ።

እትዬ በዚህ ላይ የራሳቸውን ሕግ ጨመሩ። ያቺን ዝምታ ወደዷት መሰለኝ፤ ወደው እንዳትጠፋባቸው ፈሩ። ክፍሉ ስድስት ረድፍ ነው። ጸጥ ያለው ረድፍ ቀድሞ ለእረፍት ይወጣል። ድምፅ የተሰማበት ረድፍ መጨረሻ ነው። «ሳቅ የተሰማበት ረድፍ ይሸነፋል። እርሳስ የወደቀበት ረድፍ ይሸነፋል። ሳል የተሰማበት ረድፍ ይሸነፋል» ብለው ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጆቹ ነገሩን ጨዋታ አደረጉት። የሳለን ልጅ ጎረቤቱ ይቆነጥጠዋል። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ የእትዬ ክፍል ፎቶ ተለጠፈ። እሳቸውም በዚያ ሲያልፉ እንዳላየ ሰው ቀስ ይላሉ።

በሁለተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ አለች። ትንሽ ስለሆነች እትዬ «ድንቢጥ» ይሏታል፤ ስሙ እዚያው ቀረ። አባቷ ያ ከአጥሩ ማዶ ያለው በያጅ ነው። አስም አለባት። በአፍ የሚነፋ መድኃኒቷን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው የምትመጣው።

ሐሙስ ቀን ነው። ጽሞናውን የሚያዩ እንግዶች ከትምህርት ቢሮ መጥተዋል። ከእረፍት በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ እትዬ ክፍል ውስጥ አስመለሰው። ተጠርቼ ሮጥኩ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ሆነው «ቶሎ፣ ቶሎ፣ እንግዶቹ ደረጃ ላይ ናቸው» ይሉኛል። ውሃ ለመቅዳት ታች መውረድ ነበረብኝ። አልወረድኩም። በረኪናውን እንዳለ ወለሉ ላይ አፈሰስኩት፣ ጠረግኩት፣ ሽታው ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋሁ። በእጄ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ማንበብ የማልችል ብሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

እንግዶቹ ገብተው ከኋላ ቆሙ። እኔ ወጥቼ በመስታወቱ ማየት ጀመርኩ። ደወሏ ተመታች። ልጆቹ ጨፈኑ። እትዬም ጨፈኑ፤ የምራቸውን ነው፣ ለእንግዳ ብለው አይደለም። ድንቢጥ ግን ዓይኗ ክፍት ነው። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ትከሻዋ ይነሳል፣ ይወርዳል። አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ እጇን ዘርግታ በድንቢጥ እጅ ላይ ደረበችው። ለማፈን ነው። ለክፋት አይደለም፣ እንዳይሸነፉ ነው። ድንቢጥ እትዬን ታያለች። እትዬ ጨፍነዋል። ከዚያ እኔን አየችኝ።

መስታወቱን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። እንግዶቹን አየሁ። ዳይሬክተሩን አየሁ። እጄን መለስኩት።

ከዚያ በኋላ ስንት ሰኮንድ እንደሆነ እንጃ። ልጅቷ ከወንበሯ ወደቀች።

እትዬ ዓይናቸውን ሲገልጡ ያ ድምፃቸው ተመለሰ። «መኪና!» አሉ፤ መላው ሰፈር ሰማ። ልጅቷን አቅፈው ደረጃውን እንዴት እንደወረዱት አላውቅም፣ አንዱ ጫማቸው ደረጃው ላይ ቀርቷል። ዘበኛው መንገድ መሃል ገብቶ መኪና አስቆመ። አባትየው ድምፁን ሰምቶ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ ሮጦ መጣ።

ተረፈች። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኛች። መድኃኒቱ ቦርሳዋ ውስጥ እያለ ለምን እንዳላወጣችው ሲጠይቋት «ዚፑ ይጮሃል» ነው ያለችው።

ዳይሬክተሩ ያየና የሰማ ሁሉ በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ሰኞ ኮሚቴ እንደሚቀመጥ ተናገሩ። ዘበኛው ጎኔን ነካ አድርጎ «አንቺ ምን አገባሽ? አላየሁም፣ አልሰማሁም ብለሽ ተገላገዪ። መጻፍ መቻልሽን ማን ነገራቸው?» አለኝ።

ዓርብ ከሰዓት እትዬ ዕቃ ክፍሌ መጡ። አልተቀመጡም።

«ዝም በሉ ብያለሁ» አሉኝ። «መሳል ግን አልከለከልኩም። ሰምተሽኛል አይደል? አልከለከልኩም።»

ጠርሙሶቼን መደርደር ያዝኩ።

«ክፍሌን ሊወስዱብኝ ነው የሚፈልጉት። እኔ ያለ ክፍል ምንድን ነኝ? ንገሪኝ እስቲ። እቤቴ ገብቼ ግድግዳ ላይ ልጩህ?» በሩን መለስ አደረጉት። «የበረኪናውን ነገር እኔ አላነሳብሽም። አንቺም የሳሉን አታንሺብኝ። ከትልቅ ሰው እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። እሺ ከማለት ሌላ ነገር ለምዶብኝ አያውቅም። ሥራዬም ያሳሳኛል፤ ይህን ሥራ ያገኘሁት ስንት ደጅ ጠንቼ ነው።

እሁድ ቀን ተቀምጬ ሦስት መስመር ጻፍኩ። «ልጅቷ ስትወድቅ አላየሁም። ስለ ሳል ሲባል አልሰማሁም። ወለሉን ያጸዳሁት በውሃ ነው።» ሦስቱም ውሸት ነው። አራት ቦታ አጥፌ ጡቴ ሥር አደረግኩት።

ሰኞ መምህራን ክፍል ተሰበሰብን። ዳይሬክተሩ፣ ሁለት የወላጅ ተወካዮች፣ እትዬ፣ በያጁ፣ እኔ። ዘበኛው በር ላይ ቆሟል። እትዬ የጻፉትን አነበቡ። ድምፃቸው ቀጭን ሆኖብኝ የሌላ ሰው መሰለኝ። ቀጥሎ አንዱ የወላጅ ተወካይ ተነሳ።

«ለምን እንሸፋፍናለን?» አለ። «ሐኪሙ የቀሰቀሰባት ኃይለኛ ሽታ ነው ብሏል። ልጅቷ የምትኖረው የት ነው? ብየዳ ቤት። ጧት ማታ ጭስ ስትምግ ነው የምትውለው። እቤቷ የታመመችውን ትምህርት ቤቱ ምን ያድርጋት?»

ዳይሬክተሩ ፊታቸው በራ። «እሱማ ትክክል ነው» አሉ።

እትዬ ጠረጴዛውን አዩ።

በያጁ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። ለስብሰባው ብሎ ፈትጎ ታጥቦታል፤ ግን የጥፍሩ ሥርና የመዳፉ መስመር ጥቁር ነው። ገልብጦ አየው።

«እንግዲህ እኔ ነኛ» አለ። «እናቷም ትለኝ ነበር። ይሄን ጭስህን ልጅ ያለበት አታግባ ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ተይ እባክሽ እላታለሁ።» አፉን ጠራረገ። «ልጄን ራሴ... በቃ፣ እዘጋዋለሁ። ነገ ዕቃውን አወጣለሁ። ሌላ ሥራ አላውቅም ግን እዘጋዋለሁ።»

ማንም አትዝጋ አላለውም።

«አንቺ ደግሞ ያንቺን አንብቢና እንጨርስ» አሉኝ ዳይሬክተሩ።

ተነሳሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁት። ሦስቱ መስመር አሉ፤ በደንብ ይነበባሉ፣ እትዬ ያስተማሩኝ ጽሕፈት ነው።

«ይሄ ውሸት ነው» አልኩ።

«ምን አለች?» አለ ተወካዩ። ድምፄ አልተሰማም።

«የጻፍኩት ውሸት ነው። እሱ አይደለም። እሱ አይደለም ያሳመማት። በረኪና ነው። እኔ ነኝ ያፈሰስኩት፣ ውሃም አልቀላቀልኩበትም። መስኮቱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ማንበብ እችላለሁ፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ አንብቤዋለሁ።»

በያጁ እያየኝ ነው፣ የምለው የገባው አይመስልም። እዚህ ላይ ብቀመጥ ይበቃ ነበር። እሱንም አዳንኩት፣ እትዬንም አልነካሁ፣ ጥፋቱን በራሴ አድርጌዋለሁ። ልቀመጥ ወንበሩን ያዝኩ።

«ታዲያ ለምን ዝም አለች?» አለኝ በያጁ። «እቤት ትንሽ ሲይዛት ጎረቤት እስኪሰማ ነው የምትስለው። ልጄ ለምን አልሳለችም?»

የጠየቀው እኔን ነው። እትዬን አየሁ። እሳቸውም አዩኝ። ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አይሆንም እንደማለት ይሁን፣ በይ እንደማለት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ረድፏ እንዳይሸነፍ ነው» አልኩ። «ሳል የተሰማበት ረድፍ ይሸነፋል ስለተባለ ነው። አየኋት። በመስታወቱ አየችኝ። እኔም አላንኳኳሁም።»

ይጮሃሉ ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። እትዬ ግን አልጮሁም።

«ብያለሁ» አሉ። «ብያለሁ። እንደዚያው ነው ያልኩት።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ተወራ፣ አልሰማሁትም። ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። እትዬ ከክፍል ተነስተው መዝገብ ቤት ተመደቡ። መስኮት ዝጊ ስላሉት ሰውዬ የተጻፈ ነገር የለም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ ዘበኛው። «ደብዳቤው ላይ የሚፈርመው እኮ እሱ ነው። ራሱን ሊያስጠነቅቅ?»

ብየዳ ቤቱ አልተዘጋም። በያጁ ባየኝ ቁጥር እጁን ያነሳልኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጽሞናውም አልቀረም። በእትዬ ቦታ የመጣችው ወጣት መምህርት ረድፍ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ልጅ ከሳለ ይስላል፣ ውሃ መጠጣት ከፈለገ ይወጣል። ጥሩ ነገር ነው፣ ጥሩነቱን እኔም አያለሁ። አንዳንዱ ልጅ እዚያው ያንቀላፋል። ልጆቹ ግን መጀመሪያ ሰሞን ከእረፍት በፊት በሩን እያዩ «ቲቸር ማይኳ አትመጣም?» ይላሉ።

እትዬ መዝገብ ቤት በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገሩም። ክፍሏ ምድር ቤት ናት፤ መደርደሪያ፣ አቧራ፣ አንድ ጠረጴዛ። ስጠርግ እግራቸውን ያነሱልኛል፣ በቃ። ልማር መሄድም ተውኩ። አንድ ቀን እየጠረግኩ ሳለ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ድንቢጥ ትመጣለች?»

«ትመጣለች እትዬ። ድናለች።»

«ትስላለች?»

አንዴ የጀመርኩትን እውነት ደግሞ ማቋረጥ አቃተኝ።

«ትስላለች። ግን መጀመሪያ ግራና ቀኝ ታያለች። ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ሸፍና ነው።»

«ክፍል ውስጥ?»

«ሜዳ ላይም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጡ። የእረፍት ደወል ሲመታ ተነሱና ወጡ። መጥረጊያዬን ይዤ ራቅ ብዬ ተከተልኳቸው። ሜዳው በጩኸት ተሞልቷል። ድንቢጥ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ግድግዳው ጥግ ሆና የገመድ ዝላይ ተራ ትጠብቃለች። እትዬ በልጆቹ መሃል ሲያልፉ አንዳንዱ «ማይኳ! ማይኳ!» አለ። መልስ አልሰጡም።

ድንቢጥ አየቻቸው። ሁለት እጇ ወዲያው አፏ ላይ ወጣ። ሳል አልያዛትም፤ ዝም ብሎ ነው የወጣው። ወደ ኋላ ስትል ትከሻዋ ግድግዳውን ነካ። እትዬ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ። ያ ሕንፃ የሚያናጋ ድምፅ አልወጣም፤ ምንም አልወጣም። ጓደኛዋ የድንቢጥን ክንድ ያዘችና ሦስቱም ግድግዳውን ታከው ሄዱ።

ቀርቤ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ፈራችኝ» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«እሷ ብቻ ናት? ወይስ ድሮም ልጆቹ እንዲህ ይፈሩኝ ነበር?»

«እንጃ እትዬ» አልኩ። እኔም እኮ ድምፃቸውን የሰማሁ ቀን ቁጭ ያልኩ ሰው ነኝ። አልነገርኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ስገባ በሩ ገርበብ ብሏል። የድሮ የሦስተኛ ክፍል መዝገቦችን ከመደርደሪያ አውርደው ጠረጴዛው ላይ ከምረዋል፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ስም በስም በጣታቸው እየተከተሉ ያነብባሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። አንዳንዱ ስም ላይ ጣታቸው ይቆምና ቶሎ አይነሳም።